ሰቅለን የተውነው እጅ

ከሞተር ጋራዡ ፎቅ፣ ፓዳንግ ከተማ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ እየተሰማ፣
እኔ ነኝ መዝጋቢው፤ ደብተር ይዣለሁ በእጄ፤
«ያየኸውን ጻፍ እንጂ የወደድከውን አይደለም፣ ልጄ»
ብሎኛል አጎቴ፣ የሲለክ መምህሩ፣
ስልሳ ሰባት ዓመቱ፣ ጥጥ የመሰለ ጠጉሩ።

ባንድ ጥግ ዙልሄንድሪ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ሌሎቹ ሲተኙ ሁሉ፣
በሩዝ ማሳ ጭቃ፣ በኩራዝ፣ አራቱን እርምጃ የተማረ፤
በሌላው ጥግ ቶጋር፣ ከሜዳን የመጣ፣ ቦክስ የጀመረ
ገና ሁለት ዓመቱ።
ጎማ ይለጥፋል፤ እዚሁ ታች ነው መሥሪያ ቤቱ።

ደወሉ ተደወለ፤ ደወልም አይደለም፣ የብስክሌት ጥሩምባ፤
ዙል ዝቅ አለ ወደ መሬት፣ እንደ ነብር ሊገባ፣
መዳፉን ዘረጋ፣ ውብ ነበር አቋሙ፤
ሠርግ ላይ ቢሆን ኖሮ ሽማግሎች በቆሙ።
ቶጋር ግን ሠርግ አልመጣም።
ግራ ቡጢው ሄዶ ተመለሰ፣ እኔ እንኳን አላየሁትም፤
የዙል እርምጃ ያምራል፣ ይፈስሳል፣ ቤት ግን አይመታም።

እጅ ይያዛል ይላል የሲለክ ትምህርቱ፤
ይጠመዘዛል ክርኑ፣ ይከተላል አንገቱ።
እውነት ነው፣ ይሠራል፤ በግቢያችን ሠርቷል ሺህ ጊዜ፤
ዙል ያንን እጅ ፈለገው፣ እንደ ጠፋ ቁልፍ፣ በትካዜ፣
ፈለገው በአየሩ፤
እጁ ግን ቤቱ ገብቷል፣ ተዘግቷል በሩ።

በግቢያችን እኮ፣ መቺ የሆነው ልጅ
ቡጢውን ይልክና ይተወዋል እዚያው፣
እንደ ረጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ ሰቅሎ፣
እስክንይዘው ድረስ፣ እስክንጠመዝዘው፣
በትሕትና ቆሞ፣ ሲወድቅም ተከትሎ።

ጻፍኩ፦ «እጅ መያዝ፣ ሰባት ሙከራ፣ ባዶ።
ክቡ እርምጃ፦ ወደ ኋላ፣ እንደ ማንም ሰው ተሰዶ።»

ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ሆነ፤
ቶጋር በጣም ቀርቦ ባንድ እግሩ ተማመነ፤
ዙል፣ ማሳው ውስጥ እንዳለ፣ መሬቱን በመዳፉ ነካና
ቁርጭምጭሚቱን ጠለፈው። ዷ! ወለሉ ጮኸና
«ምንድን ነው!» አለ ከታች አንድ ሰው።
ቶጋር ተጋድሞ ሳቀ፣ ከልቡ፦ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

እርሳሴ ፈጠነ። ላስፋት ቃጣኝ ያቺን አንዷን፣
በትልቅ ፊደል ልጽፋት፣ ላሰምርባት ዳር ዳርዋን።
ስንቱ ግጥሚያ እንደዚህ ነው ተረት የሆነ፤
አርባው ቡጢ ተረስቶ አንዱ ጠለፋ የገነነ።
ጻፍኩ፦ «ጠለፋ፣ ስድስት ሙከራ፣ አንድ።»
ደብተር እንደ ሚዛን ነው፣ አያውቅም ዘመድ።

ሦስተኛውን ዙር አልተርክም። ደክሞ ነበር ዙል፤
ትንፋሽ የሚባል ነገር ከነብርም ከእርምጃም ይቀድማል።

ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ «አንብብ» አለኝ። አርባ አንድ የተመታ፣
ዘጠኝ የመታ፣ አንድ የጣለ።
ዙል ግንባሩን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተኝቷል በጸጥታ።
ጠበቅሁ። «ሲለክ ለጨዋታ አይደለም» እንዲል፣
«በጩቤ ቢሆን ኖሮ፣ ዓይን መውጋት ቢፈቀድ ኖሮ» እንዲል፣
እንደ ማንኛውም መምህር።
ዝም አለ። አንድ መንደር አለፍን፤ ከዚያም ሌላ መንደር።
«ሠላሳ አራት ዓመት» አለ፣ «ያን እጅ ሰቅዬ የተውኩት እኔ ነኝ።
አባቴ ሲመታኝ ግን፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣
እጁን ይመልስ ነበር።»

ሐሙስ ማታ ቶጋር ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ፤
«ምታኝ» አለው አጎቴ፣ «እጅህ ደግሞ ቶሎ ቤቱ ይግባ።»
ቶጋር እኔን አየ፤ እኔ ደብተሬን አየሁ።
አንዱ ከንፈሩን አገኘው። ደም በኩራዝ ብርሃን ጥቁር መሆኑን አወቅሁ።
«ድገም» አለ። ደገመ። አጎቴ ባዶ አየር ያዘ።
«ድገም።» የኩራዙ ነበልባል በንፋስ ተጠመዘዘ።
«ድገም።» በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው (ገጹ ላይ ውሃ ነጥቧል)
አውራ ጣቱ ብቻ የቶጋርን አንጓ በጨረፍታ ነክቷል።
«ጻፈው» አለኝ፣ ከንፈሩን በእጅጌው እየጠረገ፤
«‹ነካ› በል። ‹ያዘ› እንዳትል።»
እግሩን ጭቃው ላይ አደላድሎ ፊቱን ለቡጢው አደረገ።