ስመ ክርስትናዋ ያልታወቀ

ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ደረጃችን ይጨናነቃል፤
ብሎክ ሃምሳ ሦስት አሳንሰር የለው፣ እስከ አራተኛ ትንፋሽ ያልቃል፤
የቀደመው ከላይ ጮሆ የዘገየውን ያስጨንቃል፦
«ፍጠኑ እንጂ! ማስታወቂያው እኮ አልቋል!»

የወይዘሮ ትደነቂያለሽ ሳሎን፣ በዕቁብ የተገዛው ቴሌቪዥን ፊት፣
ግማሹ ሶፋ ላይ፣ ግማሹ ጀሪካን ላይ፣ የቀረው ግድግዳ ተደግፎ፣
እኔም፣ ዲያቆኑ፣ ከጥግ፤ ነጠላዬ በጉያዬ ተጣጥፎ፣
«ለአምስት ደቂቃ ነው» ብዬ የገባሁ፣ ስንት ሐሙስ አልፎ።

የአመድ ከተማ አለች፣ ሁለት ጨረቃ የሚወጣባት፣
ጆሮ የሌለው አምላክ፣ ከአለት ተፈልፍሎ፣ የሚሰገድባት።
ካህናቱ ሌባ፣ መነኮሳቱ ነፍሰ ገዳይ፣
የሚጸልይ ሁሉ ጅል፣ የሚባርክ ሁሉ አታላይ፤
ጀግናው ብቻ ነው በምንም የማያምን፣
ከሰይፉ በቀር ማንንም የማይለምን።

እኔ እነጫነጫለሁ፦
«ጽናው የኛ፣ ጃንጥላው የኛ፣ ካባው የኛ፣ መቋሚያው ሳይቀር፤
ዕቃውን ሁሉ ከወሰዱ፣ ፍቅሩንም ቢወስዱት ምን ነበር?»
ኸይሪያ ትስቃለች፦ «አንተ ጃንጥላ ነው የሄደብህ፤
የኛ ጥምጣም አንገት ቆራጩ ላይ ነው፣ ምን አለብህ!»
ወንድም ታሪኩ በሩ ላይ ቆሞ «አጋንንት ነው፣ አጥፉት» ይላል፤
ዐይኑን በመዳፉ ጋርዶ፣ በጣቶቹ መሃል ያያል።
ጋሽ ደገፋ ጥበቃው፣
ይሄ ሜዳ ብሎክ ሳይበቅልበት ፈረስ የነበረው፣
«ያ ፈረስ ያነክሳል» ይላል፣ «ምነው ባሳረፉት»፤ ሌላ አይታየው።

ወይዘሮ ትደነቂያለሽ ጀግናውን አትወደውም።
የሷ ሰው አሮጊቷ ኦሪማ ናት፣ የግንቡ ፋኖስ አብሪ፣
ጆሮ ለሌለው አምላኳ የቀኑን ወሬ ነጋሪ።
«እንደማይሰማት እኮ ታውቃለች» አለችን አንዴ፣
«ለሚሰማማ ማንም ያወራል፣ ይሄ ምን ይገርማል እንዴ?»

ባለፈው ሐሙስ ሊቀ ካህኑ ቫልኩር ከግንቡ ገፈተራት።
ፋኖሷ ቀድሟት ወደቀ።
ከዚያ መብራት ጠፋ። አራብሳ ሁሉ ተዋጠ።
ከየብሎኩ አንድ ጩኸት ተነሣ፣ ጎል እንደገባብን፣
ከዚያ ዝም። ማንም ሻማ አልፈለገ፣ ማንም አልተቀመጠ።

እሁድ።
ቤተ ክርስቲያናችን ገና ቆርቆሮ ነው፣
ከኋላው የጤፍ ማሳ፣ ከፊቱ የአውቶቡስ ማዞሪያ፤
ዝናብ ሲመጣ የራሳችንን ድምፅ አንሰማም።
የሙታንን ስም ከወረቀት ላይ አነባለሁ፦
ወለተ ሐና፣ ኪሮስ፣ ጽጌ ማርያም፣
ከዚያ በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፦
«ኦሪማ። ስመ ክርስትናዋ ያልታወቀ።»

ምላሴ ደረቀ።
ከሴቶች ወገን አንዲት ሴት ወለሉን አተኩራ ታያለች።
መዝለል እችል ነበር።
«የማን ዘመድ ናት?» አሉኝ አባ በሹክሹክታ።
«የብሎክ ሃምሳ ሦስት» አልኩ።
ውሸት ይሁን እውነት እስካሁን አልለየሁም።
አነበብኳት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
ማን እንደሰማ፣ ማን እንዳልሰማ፣ እንጃ።

ሐሙስ ደግሞ መጣ። ለካስ አልሞተችም!
የጨው ጋሪ ላይ ነው የወደቀችው፤ ክንዷ ተሰብሮ «ፋኖሴስ?» ትላለች።
ጩኸቱ! ወንድም ታሪኩ ሳያውቀው ሳሎኑ መሃል ቆሟል፣
ኸይሪያ ትራስ ወርውራ የአምፖሉን ክዳን አወረደች።
«ጋሪውን የሚስበው ያ አንካሳው ነው» አለ ጋሽ ደገፋ፣ ፊቱ በርቶ።
እኔ ለራሴ አስረዳሁ፦ ቀረጻው ያለቀው አምና ነው፣
ዲያቆን ባያነብም ከጋሪው አትዘልም ነበር።
ሁለቴ አስረዳሁ።

ወይዘሮ ትደነቂያለሽ አላየችኝም።
ስወጣ ግን ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ፣
የታጠፈ ወረቀት በእጄ አስጨብጣኝ ተመለሰች።
ታች ወርጄ በስልኬ መብራት ገለጥኩት፦

«ቫልኩር። በሕይወት ያለ። ልብ ይስጠው።»