ሃምሳ ከመቶ

በሃፕሳሉ ወደብ ባሕሩ ረግቶ፣
ጀልባው እንደ ሽብልቅ በረዶ ውስጥ ገብቶ፣
ጥር ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ቀኑ ሲጨላልም፣
ቪርቬ ምድር ቤት ነች፣ መብራት አላጠፋችም።

ጠረጴዛዋ ላይ፣ በላስቲክ ድንኳን ውስጥ፣
አንድ የእንጨት ዕቃ በጀርባው ተኝቷል፤
የማሲንቆ ዘመድ፣ በጭራ የሚመታ፣
ከአንገቱ ግድም ክፍት፣ እጅ የሚገባበት።
የቮርምሲ ደሴት ሰው፣ ማትስ የሚሉት፣ ጠርቦ የሠራው፤
ጦርነት ገፍቶት ጀልባ ላይ ሲወጣ
ከሚስማር ሰቀለው፦ «በበጋ እመጣለሁ።»
በጋው ሰማንያ ጊዜ መጣ።
ማትስ አልመጣም።
በሩን ሳያንኳኳ ነቀዝ ብቻ ገባ።

ነቀዝ ሆድ አለው እንጂ ጆሮ አልተሰጠው፤
ዜማ ከሚወጣበት ዱቄት አወጣበት።

መርዝ እንዳይረጩበት ቀለሙ ይሟሟል፤
እሳት እንዳያሳዩት ሙጫው ይላቀቃል፤
አየር መንሳት ቀረ።
ናይትሮጅን ሞልቶ፣ ሃያ አንድ ቀን ዘግቶ፣
ነቀዙ እንዲያልቅ፣ ትንፋሽ ፈልጎ አጥቶ።

ግን ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ
ጠብታ ያልቀመሰ፣ ጥሙ የከፋ ነው፤
ካገኘው ሁሉ እርጥበት ይመጥጣል።
እንዲሁ ቢለቁት
ተባዩን ሳይገድል እንጨቱን ይጨርሳል።
እንጨት ደግሞ
ሲጠማው አይናገር፤ ይሰነጠቃል እንጂ።

ስለዚህ ቪርቬ ጋዙን መጀመሪያ ውሃ ታጠጣዋለች።
ሁለት መንገድ ከፈለችለት፦
አንደኛው ቱቦ ደረቅ፣ እንደ አመጣጡ፤
ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ፣ ከተጣራ ውሃ ሥር ዘልቆ፣
ቡልቅ ቡልቅ፣ ቡልቅ ቡልቅ፣
ረጥቦ የሚወጣ።
መገናኛቸው ላይ መለኪያው ይዳኛል።
ሃምሳ ከመቶ፦ ፍርዱ ይኸው ነው፤
ከዚያ ወረድ ካለ ስንጥቅ፣ ከዚያ ከበዛ ሻጋታ።
አርባ ሰባት ሲል ለእርጥቡ ታደላለች፣
በጥፍር ስፋት ያህል ቫልቩን ታላላለች፤
ሃምሳ አራት ሲልባት መልሳ ታጠብቃለች፤
ትጠብቃለች።

ራስሙስ፣ ለልምምድ የመጣው ልጅ፣ ሳቀ፦
«ለሚገደል ትል ይህ ሁሉ መስተንግዶ?»
«መስተንግዶው» አለች «ለባለቤቱ ነው፤
እንግዳውንማ ሃምሳም ዘጠናም አያድነው።»

ማታ፣ በረዶውን እየረገጠች ቤቷ ስትገባ፣
ያው ድምፅ ይቀበላታል፦ ቡልቅ ቡልቅ።
አባቷ ኤንደል፣ ሳንባውን የስሚንቶ አቧራ የበላው፣
አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ከአልጋው ሥር መሣሪያ፤
እዚያ የተነፈገው ኦክስጅን እዚህ ይሰጣል፤
እሱም ውሃ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው።

ባለፈው ኅዳር ያ ጠርሙስ ደርቆ ነበር።
አምስት ቀን።
ያን ሰሞን እሷ፣ የአንድ የሙሽራ ሣጥን ክዳን
በሁለት ከመቶ ደረቀ ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር።
ደሙን ያየችው ትራሱ ላይ ነው።
«ለምን አልነገርከኝም?»
ግድግዳውን አየ።
ባሕር ዳር ያረጀ ሰው «ጠማኝ» ማለት ያፍራል።

ከዚያ ወዲህ ከራስጌው አንድ ትርፍ መለኪያ አኑራለች።
ሃያ ዘጠኝ ይላል፤ ምድጃው ይነዳል፤
እርጥብ ፎጣ ትሰቅላለች፣ ሠላሳ አምስት ይደርሳል።
«ምነው» ይላታል «ቅርስ አደረግሽኝ?
የመዝገብ ቁጥሬ ስንት ነው?»
ትስቃለች፤ ደብተሯ ላይ ግን ሠላሳ አምስቱን ትጽፋለች።

ዛሬ ቱቦውን አስተካክላለት ልትነሳ ስትል
«ነቀዙ ሞተ?» አላት።
«አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል።»
ዝም አለ። ቡልቅ ቡልቅ።
«ለእሱም እኮ» አለ «ቤቱ ነበር።»

መልስ አልሰጠችውም።
ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ
ጠርሙሱን እስከ መስመሩ ሞላች።