ካታ፣ አዘዞ

ጎንደር አዘዞ ላይ፣ በአዳራሹ ወለል፣
ማስተር አዛናው ነው፣ በጠመኔ መስቀል
ስፍራዬን የሠራው፦ «ከዚህ ትነሳለህ፤
ሃያ አንዱን ተራምደህ፣ እዚሁ ትቆማለህ»።

ሁለት ክረምት ለፋሁ፤ ባጃጅ ላይ ስመክት
«ልጁ ጤና የለው» አለች አንዲት እናት።
ስጨርስ ግን ሁሌም፣ ስንዝር ይጎድላል፤
«ማን ወሰዳት?» ብሎ፣ በበትር ይለካል።

የፈተናው ማታ፣ አሥረኛው ላይ ሳለሁ፣
መብራት ድርግም አለ። ልቁም ብዬ አሰብሁ።
እግሬ ግን አልሰማኝ፤ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ
እየዳበሰ ሄደ፣ በራሱ ተመርቶ።

መብራቱ ሲመለስ፣ ስንዝሯ አልሞላችም፤
ማስተር ያን ጊዜ ግን፣ በትር አላነሣም፤
ተንበርክኮ መስቀሉን፣ በእጀጌው ጠረገ፣
ከአውራ ጣቴ ጫፍ ሥር፣ አዲስ አደረገ።

ቀበቶውን ግና፣ ያን ማታ አልሰጠኝ፤
«ነገ በአሥራ አንድ፣ ከዚህ ጀምር» አለኝ።