ፍሬቻ

ሹፌር ነኝ፣ ቤዣን እባላለሁ፤
በጥቁር መኪና ሬሳ አመላልሳለሁ።
ደንበኛዬ ጨዋ ነው፤ በር አያላጋብኝ፣
“ቶሎ በል፣ ረፍዷል” ብሎ አይጮህብኝ።
የሚቸኩሉት ሌሎቹ ናቸው፣
ገና ቀጠሮ ያላቸው።

ዛሬ የጫንኩት ታሪኤል ነው፣ የመንዳት መምህሩ፤
ትብሊሲን ከነዳገቱ ያስነዳ፣ ከነሰፈሩ።
አርባ አንድ ዓመት በአሮጌ ላዳ
ሰው አስተማረ፣ ለሰው ተጎዳ፤
በተማሪ ፍሬን ግንባሩ ጠጥሮ፣
በተማሪ ማርሽ ወገቡ ተሰብሮ፣
የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣
“መስተዋትህን እይ” ይል ነበር፣ “ከዚያ ቀስ ብለህ ተነሣ።”
በሬሳው ፊት ማን ይዋሻል?
እኔንም ሁለቴ ጥሎኛል።

ጠዋት አራት ሰዓት ከቤቱ ወጣን።
ልጁ ናቴላ ከጎኔ ናት፤
ፎቶውን ጭኗ ላይ ይዛ፣
መንገዱን ታያለች ፈዝዛ።

ወንዙን ሳንሻገር አንድ ብርማ መርሴዲስ
ከኋላ መጣ፣ አፍንጫው አበባችንን እስኪያስነጥስ፤
በጠራራ ፀሐይ ረጅም መብራቱን፣
ሬሳ በጥቅሻ የሚጠራ ይመስል፣ አበራ፣ አጠፋ።
ምን ላድርግለት? ወዴት ልግፋ?
ቀኜ ግንብ ነው፣ ግራዬ አውቶቡስ፤
ከፊቴ ደግሞ አንዱ፣ በፈጣኑ ረድፍ፣
ይንፏቀቃል ስልኩን ሲዳስስ።
መርሴዲሱ ቀደመን፣ በእግረኛ መንገድ፤
ቀይ መብራት ላይ ደረስንበት፣
ጎን ለጎን ቆምን እንደ ዘመድ።
ናቴላ አንገቷን አስግጋ አየችው፤
“ኡሻንጊ ነው” አለች፣
“አራቴ ወድቆ በአምስተኛው ነው ያለፈው።”
አረንጓዴው ገና ሳይበራ፣ ሐሳቡ ገና ሲመጣለት፣
ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ፤
ሙሽራ የያዝን ሳይመስለው አልቀረም አንዱ ሰውየ፣ ወይ ባለጌ ስድ አደግ፣ ወይ እብደት።

ዳቦ ቤቱ ጋ ደረስን። እዚያ ሁልጊዜ ያው ነው፤
ጂፑን መሐል መንገድ ገትሮ ገብቷል ሰውየው፣
አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣
“አንዴ ነው” ብሎ፣ ሕግን በብልጭታ ረትቶ።
ዳቦው ከእቶኑ አልወጣም፣ ገና ነው፤
ሬሳና ሐዘንተኛ ወረፋ ያዝንለት፤
ምን ይባላል፣ መኖር ነው።
በመጨረሻ ወጣ፣ የትኩሱን ጫፍ ገምጦ፤
አየን። አበባውን አየ።
ቆመ፣ የጎረሰውን መዋጥ አቅቶት፣ ደንግጦ።
ስልኩ ሲጠራ ግን አነሣ፤ እያወራ ነዳ፣
ድንጋጤውን እኛ ላይ ትቶ እንደ ዕዳ።

“እሱስ?” አልኳት።
“የአባዬ ነው። ባለ ቀይዋም፣ ያ ታክሲም፣
ሳያሳይ መሐላችን የገባው።
አባዬ ሲያየው እንዲህ አልነበረም።”
ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ፤
“ሁሉም፣ እሱ ጎናቸው ሲቀመጥ፣ ጨዋ ነበረ።”

ዝም አልኩ፤
ማታ በገዛ መኪናዬ የምሆነውን አውቃለሁና፣
ለሙት ያለኝ እርጋታ ለሕያው ይጠፋኛልና።
ትናንት እንኳ አንዲት አሮጊት፣
ዜብራው ላይ አንድ እግሯን አውርዳ፣
አይታኝ መልሳ ሰበሰበችው፤
አለፍኳት እንደ ባዳ።

ከተማው አለቀ። ዳገቱ ነፋስና ጥድ ብቻ ነው፤
አጃቢው በየመብራቱ ተቆራርጦ፣
የት እንደቀረ እንጃለት፣ እሱ ያውቀው።
ወደ መቃብሩ መታጠፊያ
መሪውን እንዲሁ አዞርኩ፣ እጄ እንዳመጣ።
“ፍሬቻ!” አለች ናቴላ፣
በአባቷ ቃና፣ ድምፅዋን ሳታወጣ።
“ለማን? ከኋላችን ማን አለ?”
“ፍሬቻ ለምታየው አይደለም ይል ነበር፤
ላላየኸው ነው እያለ።”

አበራሁት።
ቀጭ... ቀጭ... እያለ ዘለቀ፤
ባዶው መንገድ
ወዴት እንደምንታጠፍ ዐወቀ።