እርሳስ

ከፋብሪካው አጥር ግርጌ፣ ቱቦው እያጉረመረመ ከሚተፋበት
ጎንበስ ብዬ ጭቃ ዛቅሁ፤ ጓንቴ ትንሽ ቀዳዳ አለበት።
የደብረ ብርሃን ማለዳ ነው፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤
ወንዙ ብቻ እንፋሎት አለው፣ ሙቅ ነገር ተደፍቶበታል።

«ሰኞ ሰኞ ሰማያዊ ነው» አለችኝ ወይዘሮ ማናህሎት፣
«ሐሙስ ቡናማ፣ ይገማል። እሑድ ነው ውሃ የሚሆንበት።»
ሰማያዊውን ታውቀዋለች፤ ልጇ ሸዋፈራ ማታ ሲገባ
ጥፍሩ ሥር ይዞት ይመጣል፣ በሳሙና የማይለቅ አበባ።
ደመወዙ ቆርቆሮ ቀይሯል፣ ላሚቱንም ገዝቶላታል፤
ታዲያ ቱቦውን ትርገም? የልጇም ሲሳይ በሱ ይፈሳል።

ቆስጣዋ ዳር ዳሩን ቆሟል፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ለምለም፤
ክፉ ነገር ሁልጊዜ መልኩ ክፉ አይደለም።

ጭቃውን በላስቲክ ቋጠርሁ። ቁጥር አሥራ አራት። ቀን።
ስክሪብቶዬ በብርዱ ደርቆ አልጽፍ አለኝ ቀሪውን፤
ከኪሴ እርሳስ አወጣሁ። «እርሳስ የሚፈልግ ሰው በእርሳስ!» አለች፣
ሳቋን ሳሏ ቀደመውና አካፋዋ ላይ ተደገፈች።

ከዛቅሁት ውስጥ ቀንድ አውጣ ነበረች፣ ጥፍር የምታህል፣
ቅርፊቷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ሲነኩት እንክት የሚል።
ባሕር ያላቸው አገሮች ዛጎል ያረባሉ አሉ፣
ከታች ደለሉ ሲያጎርሰው እምቢን የማያውቅ አካሉ።
እኛ ባሕር የለንም። ያለን ይህ ወንዝ፣ ይህ ደለል፤
ካሮታችን ነው ዛጎላችን፣ ያጠጡትን ሁሉ የሚቀበል።

ቀጭን ቱቦ ክንድ ሙሉ ወደ ታች ወግቼ ሳብሁ፤
ንብርብሩን አንድ በአንድ፣ ከላይ ወደ ታች አነበብሁ፤
የዘንድሮው ጥቁር ከላይ፣ ያምናው አመድማ ከሥሩ፣
ዝቅ ሲል ጠረን የሌለው፣ ማናህሎት ስትዳር የነበረው አፈሩ።
ደለል መዝገብ ቤት ነው፤ ጸሐፊው ጡረታ አይወጣ፤
ፋይል ጠፋ አይልም፣ ነገ ና አይልም፣ ጉቦ ይዞ ለመጣ።

የማሽኑ ወረፋ ሦስት ሳምንት፤ መብራት ሁለቴ ጠፋ፤
ወረቀቱ መጣ፤ ቁጥሩ ከልክ አለፈ፣ ገፋ።
ይዤው ሄድሁ ወደ ቢሮ፣ አቶ ልሳነወርቅ ዘንድ፤
መነጽሩን ጠረገና ገጹን ገለጠ፣ አንድ፣ ሌላ አንድ።
«ሦስት መቶ ቤተሰብ ያድራል በሱ» አለኝ ወደ መስኮት አይቶ፤
«ባጭሩ፣ ያገኘኸው ምንድነው?» ድምፁ ደክሞ፣ ቁጣ ጠፍቶ።

«እርሳስ» አልሁት።
«እርሳስ» አለኝ።
እስከ ዛሬ አልለየሁም፣ ደገመልኝ ወይስ መከረኝ።

ማናህሎት ያን ቀን ስንለያይ ቆስጣ ሰጥታኝ ነበር፣ እቅፍ ሙሉ፤
«ለድካምህ ነው» ብላ፤ ጤዛው ነበር ከነቅጠሉ።
ማታ ኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ፤
ልብላው? ሆዴ አወቀ። ልስጠው? ለየትኛው ዘመዴ?
ልጣለው ብዬ ተነሣሁ፤ ከደጄ ቦይ ይወርዳል።
ቆምሁ። ቦዩ የት እንደሚገባ
ቁጥር አሥራ አራት ያውቃል።