ኧረ

ሚኒባሱ አውርዶኝ ሄደ፣ አቧራውን እዚያው ጥሎ፤
የሰሌዳው ፊደል እንደ ወይን ሐረግ ተጠማዞ ተንጠልጥሎ
አልነበብ አለኝ።
ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ቆጥሬ ያደግኩ፣
የወንዱን በር ከሴቱ ሳልለይ፣ መጸዳጃ ደጃፍ ሰው ጠበቅኩ።

ያስደነገጠኝ ግን ባዕድነቱ አይደለም፤
መመሳሰሉ ነው።
ፈረንጅ አይችላትም ያሉኝ ጨ፣ አፉ አይታዘዝም ያሉኝ ቀ
ከነጭ ጢም ሥር፣ እንደ ሽንብራ ቆሎ እየተንጣጣ ፈለቀ።
ውሃውን «ጽቃሊ» አሉት።
ጆሮዬ ቤቱ የገባ መስሎት ጫማውን አወለቀ፤
ልቤ ትርጉም ፍለጋ ደጅ ቆሞ ቀረ።

ባለቤቱ ጉራም፣ ሚስቱ ናርጊዛ፣ ልጃቸው ኤካ።
የኤካ እንግሊዝኛ የሰባተኛ ክፍል ነው፣ ሲሶው በእጅ የሚለካ።
«ብቻሽን?» አለች። «ብቻዬን።»
ናርጊዛ ስትሰማ አገጬን ይዛ ፊቴን አየች፣
የታመመ ሰው እንደሚታይ፤ ሌላ ብርድ ልብስ አመጣች።

እነሱ እምቢ ሲሉ፣ ማዕድ ላይ ባይነሳም ይቅር በሉኝ፣ «አራ» ይላሉ።
ወይን ልጨምር? አራ። በረደህ? አራ። ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ።
ሳቄን ከዳቦው ጋር ዋጥኩ።
የራሴን ጉድ መች አወቅኩ!

«ይህን ሐረግ» አለ ጉራም «የተከለው አያቴ ነው።»
«ኧረ!» አልኩ፣ ቅንድቤን ሰቅዬ፣
ደነቀኝ ብዬ።
ዝም አለ። «መቶ ዓመት አልፎታል» አለ፣ ቀስ ብሎ።
«ኧረ!»
ጆሮው ቀላ። ማለ። ወጣ፣ ወንበሩን ገልብጦ ጥሎ።
ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ በካልሲው ጎትቶ መጣ፤
ምስክር ነው። በልጅነቱ ከዚያ ሐረግ ላይ ወድቋል፤
እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየኝ።
«ኧረ፣ ኧረ፣ ኧረ!» አልኩ፣ ከልቤ አዝኜለት።

ኤካ ናት ያዳነችን፦ «አባቴን ውሸታም የምትዪው ለምንድን ነው?»
ነገሩ ሲገባን ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ፤
ምስክሩም እጅጌውን አውርዶ ሊበላ ተቀመጠ።

ጉራም ዋንጫ አነሳ። ሳይናገር አይጠጣም።
ለሰላም፣ ለመንገደኛ፣ ዳቦ ላይ ጠብ አድርጎ ለሞቱት፤
ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ፦ «ማማ?»
እማማን መሰለኝ። ደህና ናት እማማ።
«ሆ!» አልኩ፤ አዎን ማለት ነው፣ የያዝኳት ሁለተኛ ቃል። «ሆ! ሆ!»
ሁሉም ተነሱ። ቆመው ጠጡ።
ሺህ ዓመት፣ አለች ኤካ፣ እጇን እስከቻለች ዘርግታ።

ሌሊት፣ በሁለት ብርድ ልብስ ሥር፣ ከግድግዳው ማዶ ኤካ ተጣራች፦
«ማማ! ማማ!»
የመለሰው ወፍራም ድምፅ ነው። የጉራም ሳል።
ተነስቼ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።
ማማ አባት ነው።

አባዬ፣ ዘርጋው፣ በመጋቢት ሁለት ዓመት ይሞላሃል።
ተዝካርህን አውጥተናል። ኮትህን ለዘበኛው ሰጥተናል።
እዚህ ግን፣ ስምህን የማይችሉ ሰዎች ጋ፣
ደህና ነህ።
ትናንት ማታ ጤናህን ጠጡልህ።

ጠዋት ላርማቸው አስቤ ነበር።
አንዲት «አራ» ትበቃ ነበር።
ጉራም ሁለት ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ወይን ሞልቶ፣
በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎበት ሰጠኝ።
ሁለት ፊደል፣ ሁለቴ። በዚያ አገር ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል።
«ማማ?» አለ፣ ወደ ጠርሙሱ፣ ወደ እኔ፣ ወደ ሩቅ እያሳየ።
«ሆ» አልኩት።

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ ጠርሙሱ በእግሮቼ መሃል ይንቦጫረቃል።
ጎኔ ያለችው ሴትዮ ጽሑፉን አነበበች፤
ጉልበቴን መታ መታ አደረገች።