ሰው ያልነካው

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነጭ አንሶላ ተሰቅሎ፣
ዘጠነኛ «ለ» ክፍል ወንበር ላይ፣ መሬት ላይ፣ መስኮት ላይ ተኮልኩሎ፣
መምህር እንየው የፕሮጀክተሩን ዓይን በሹራባቸው እጅጌ ወለወሉ።
«ያገራችሁ ነው፤ ዝም ብላችሁ እዩ።
ነገ ያያችሁትን በአንድ ገጽ ትሰጡኛላችሁ» አሉ።

መጀመሪያ ደመና መጣ፤ ደመናው ሲገፈፍ ጮቄ ተገለጠ።
አላወቅሁትም።
ዳገቱ ለስልሶ፣ ገደሉ ተኝቶ፣ ተራራው በሙሉ ከእግሬ ሥር ተቀመጠ።
እኔ ጮቄን የማውቀው ከታች ነው፤
ዓርብ ዓርብ ማታ፣ ከሮብ ገበያ ጨውና ሳሙና ተሸክሜ፣
ጭቃው እንደ አበዳሪ ጫማዬን ይዞ ሲያስቀረኝ፣ «ቆይ» እያልኩት ቆሜ።

ጅብራው መጣ፤ ጉም ለብሶ፣ ረጅም፣ ብቻውን በቅሎ፤
ካሜራው ደጅ እንደሚሳለም ሰው ዙሪያውን ዞረው ቀስ ብሎ።
ሳቄ መጣ።
እናቴ ሥራ ፈትቼ ስታገኘኝ «ምን እንደ ጅብራ ትገተሪያለሽ!» ነው የምትለኝ፤
ለካ መገተርም ያስወድሳል፣ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝ።

ዋሽንት ነበረበት፤ ከዳር እስከ ዳር ዋሽንት።
ነፋሱን አጥፍተው ነው ያስገቡት። ያ ነፋስ፣
ሌሊት ቆርቆሮውን እየነቀነቀ፣ ስማችንን የሚጠራ እስኪመስለን ድረስ
የሚጮኸው፣ ድምፁ የለም።
ብርዱም የለም።
ሲያዩት የማይበርድ ጮቄ እንዴት ነው የኛ የሚባለው?
(ግን ያምራል። አልዋሽም፤ ያምራል። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘው።)

ከዚያ ባለ ወፍራም ድምፁ ሰውዬ
«የሰው እጅ ያልነካው» አለ።
እኔ ደግሞ የማን እጅ እንደነካው አውቃለሁ፤
በየካቲት፣ ዶማና አካፋ ሲታደል፣
እርከኑን ማን እንደካበው፣ የማን ጥፍር እንደተነቀለ።
የጋሽ ባንቴ ወገብ እዚያ ነው የቀረው።
የትሁኔ ልጅ እዚያ ነው የተወለደው፣ ምጥ ድንጋይ እንደያዘች ደርሶባት።
ካሜራው እንደ ጥልፍ ያደነቀው ያ አረንጓዴ መስመር
እናቴ ድንጋይ ስታቀብል የጋብቻ ቀለበቷን የጣለችበት ነው፤
ቀለበቷ እስከ ዛሬ አልተገኘም።
ከሥሩ ይኖራል፤ ማን አወቀው።

ድንገት፣ ሦስት ሴኮንድ ቢሆን ነው፣ ቤታችን!
አንማው በክርኑ ጎሸመኝ፤ «ያውና! ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ!»
ከጎኑ፣ ድንች ማሳው ላይ፣ አንዲት ጎንበስ ያለች ነጥብ፤
እናቴ ትሁን ጉቶ ሳልለይ ምስሉ አለፈ በርሮ።

ቀጥሎ ጨሞጋ በክረምት፤ ሞልቶ፣ ከገደል ገደል ሲወረወር።
«ወርቃማው ውኃ» አለ ሰውዬው። ክፍሉ በሙሉ «ውይ!» አለ።
እኔ ያን ቀለም አውቀዋለሁ።
በነሐሴ ሌሊት ከጓሯችን በላይ ተንዶ፣ ድንቹን ከነመደቡ ይዞ የሄደ
አፈር ነው እንጂ ወርቅ አይደለም።
የኛ ነው፤ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይለን የወረደ።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ።
በመስኮቱ ስንጥቅ ጭላንጭል ገብቶ የአንሶላው ዕድፍ ታየ።
«ይመጣል፣ ጠብቁ» አሉ መምህር። ጠበቅን። ቆየ።

መምህር፣ እስካሁንም አልመጣም። ይህን የምጽፈው
በአከራዬ በእማማ አንጓች ባትሪ ነው፤ እሱም እየደከመ።
አንድ ገጽ ብለው ነበር፤ ጀርባውንም ሞላሁት።
ስለ ውበቱ ያልጻፍኩት ጠፍቶኝ አይደለም፤
ወንፊት ውስጥ እንዳለ ውኃ ነው፣ ስቀዳው አለቀብኝ።

ነገ ዓርብ ነው። ገጹን ሰጥቼ ወደ ላይ እወጣለሁ።
ካሜራው በዞረበት ከፍታ ባይሆንም፣ ከእርከኑ ጫፍ እቆማለሁ።
እናቴ ከታች አይታኝ «ምን እንደ ጅብራ ትገተሪያለሽ!» ትላለች።
«እያየሁ ነው» እላታለሁ።
«ምኑን?» ብላ ቀና ትላለች፤ ዳገቱን ታያለች፣
ከዚያ እኔን፣
ከዚያ ዶማውን ታቀብለኛለች።